ጉድጓዱ አንድ እርምጃ ላይ እያለ ፍልፈሉ ለምን ተያዘ?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ጥር ለጉብኝት ወደ ባሌ ተራሮች ሄጄ በሳነቲ አምባ ላይ አንድ ቀይ ቀበሮ ትልቅ ፍልፈል ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሲይዝ አየሁ። መሸሸጊያው አጠገቡ እያለ ለምን አላመለጠም? በዚያው ሰዓት ጭልፊቶች ከላይ ያንዣብቡ ነበር፤ ሲያነሱ ያየኋቸው ግን ትንንሾቹን አይጦች ብቻ ነው። አንዱ እንስሳ ለአንዱ አዳኝ፣ ሌላው ለሌላው የሚጋለጠው በምን ምክንያት ነው? ከብት በብዛት መግባቱስ ነገሩን ይለውጠዋል ወይ?»

ምላሽ፦

ጤና ይስጥልኝ። ያዩት ነገር ብዙ ጎብኚ አጠገቡ ቆሞ እንኳ ሳያስተውለው የሚያልፍ ስለሆነ፣ በጥያቄዎ ቅደም ተከተል ከፍልፈሉ ጀምሬ ወደ ሌሎቹ እሄዳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ስለ ትንንሽ አጥቢ እንስሳት ስናወራ «ደካማ ስለሆኑ ይበላሉ» የሚለው ሐሳብ ቶሎ ይመጣብናል። ከአይጦችና ከፍልፈሎች ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ግን ሌላ ነው። በደፈናው ደካማ የሚባል አይጥ የለም፤ ያለው ለዚህ አዳኝ፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ ሰዓት የተጋለጠ አይጥ ነው። ራሱን ከአንዱ ጠላት ያዳነበት ዘዴም ብዙውን ጊዜ ለሌላው ጠላት አሳልፎ የሚሰጠው ያው ዘዴ ነው።

እርስዎ ያዩት ግዙፉ ፍልፈል ነው። ከባሌ ተራሮች በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ የሚኖረውም ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው ውርጫማ ሜዳ ላይ ነው። በየእርሻው ከምናውቀው ተራ ፍልፈል በእጅጉ ይበልጣል፤ ትልቁ ወደ አንድ ኪሎ ግራም ይጠጋል። ለጥያቄዎ ዋናው ነገር ግን ከክብደቱ ይልቅ አመጋገቡ ነው። ተራው ፍልፈል በአብዛኛው ሥራ ሥር እየበላ ከመሬት በታች መኖር ሲችል፣ ግዙፉ ፍልፈል በዋናነት የሚበላው ከመሬት በላይ ያለውን ሣርና ቅጠል ነው፤ ስለዚህ የግድ መውጣት አለበት። ዓይኖቹ ወደ አናቱ ጠጋ ብለው የተቀመጡ በመሆናቸው፣ ግንባሩን ብቻ ብቅ አድርጎ ዙሪያውንም ሰማዩንም ለመቃኘት ይመቸዋል። ሲወጣም ከወገቡ በታች ያለውን አካሉን ከጉድጓዱ ውስጥ ትቶ፣ ጥርሱ የሚደርስበትን ሁሉ እየነጨ ወደ ውስጥ ያስገባል። አደጋ ሲሰማው ዞሮ መሮጥ ሳያስፈልገው ወደ ኋላው ሸርተት ብሎ ይሰወራል። በአንድ ቀን ውስጥ ከመሬት በላይ የሚያሳልፈው ጊዜ ተደማምሮ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው፤ በልቶ ሲጨርስም የጉድጓዱን አፍ በአፈር ይደፍነዋል።

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ እንስሳ እንዴት ይያዛል? ፍልፈሉ አዲስ ጉድጓድ በከፈተ ጊዜ ሣሩ ከአፉ ሥር ነው፤ አንገቱን ሰገግ ማድረግ ይበቃዋል። እየዋለ ሲያድር ግን በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው ተነጭቶ ያልቅና መሬቱ ይመለጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው አዲስ መውጫ መቆፈር ሲሆን ይህ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ገላውን በሙሉ አውጥቶ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ መንጨት ነው። እርስዎ «አጠገቡ» ያሉት ርቀት ለሰው ዓይን ኢምንት ቢሆንም፣ ለፍልፈሉ ግን ወደ ኋላ በመሸርተትና ዞሮ በመሮጥ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ቀይ ቀበሮውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

አንድ ጠዋት ከ3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በአንድ የጅብራ ተክል ጥግ ተቀምጬ የተከታተልኩት አደን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ቀበሮዋ ትኩስ አፈር የተከመረበት ጉድጓድ አይታ ቆመች፤ ጆሮዎቿ ወደ ፊት ተቀስረዋል። ፍልፈሉ ብቅ ሲል እንደ ድንጋይ ትደርቃለች፤ ተመልሶ ሲገባ ሁለት ሦስት እርምጃ ትራመዳለች። እንደገና ብቅ ሲል፣ አንድ እግሯን እንዳነሳች ትቀራለች። በመጨረሻ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ በደረቷ ተጎተተች። ይህ አድፍጦ የመጠጋት አካሄድ በተለይ ለግዙፉ ፍልፈል ሲሆን እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ እንደሚችል ተመዝግቧል፤ ያን ዕለት ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጀ። ፍልፈሉ አሥር ጊዜ ያህል ዙሪያውን ቃኝቷል፤ አሥሩንም ጊዜ ያየው ግን የማይንቀሳቀስ ነገር ነበር። ያልተንቀሳቀሰውን አዳኝ ለይቶ ስላላወቀ፣ እዚህ ላይ ያዳነው የሚመስለው ጥንቃቄ አልጠቀመውም። አሥራ አንደኛው ጊዜ ሲወጣ ወደ ሩቁ ሣር ዘለቅ አለ፤ ቀበሮዋም ተወረወረች። የቀይ ቀበሮ አፍ ቀጭንና ረጅም፣ ጥርሶቹም አነስተኛና ተራርቀው የቆሙ መሆናቸው በእንዲህ ያለ ቅጽበት ጠባብ ቦታ ውስጥ ገብቶ ለመንከስ እንደሚመች፣ ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት።

ከዚህ በፊት ግን «ለመሆኑ ለምን በቀን ይወጣል?» ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። ብዙ አይጥ በዓለም ላይ የሌሊት እንስሳ ነው፤ ጨለማ ከጭልፊትና ከንስር ይሸሽገዋል። በሳነቲ ላይ ግን በበጋ ሌሊት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ይህን ብርድ ተቋቁሞ ማታ ሣር መንጨት ለትንሽ ገላ አክሳሪ በመሆኑ፣ የአምባው ዋና ዋና አይጦች ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ የሚወጡ ሆነዋል። በዚህ ምርጫቸው ከጉጉትና ከአነር አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣሉ፤ በምትኩ በቀን ለሚያድኑት ሁሉ ይጋለጣሉ። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን እንስሳ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ኑሮውን ከምግቡ ሰዓት ጋር አስማምቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በባሌ በተደረጉ የኩስ ምርመራዎች፣ ቀበሮዎቹ ከበሏቸው እንስሳት ከ10 ከ9 በላይ የሚሆኑት አይጥና ፍልፈል መሆናቸው ታውቋል፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ሦስት የባሌ ብርቅዬ ዝርያዎች ማለትም ግዙፉ ፍልፈል፣ የባሌ የሣር አይጥና ጥቁር ጥፍር ያለው አይጥ ነበሩ።

ወደ ጭልፊቶቹ ልምጣ። በሳነቲ ላይ ዘወትር የሚታየው ጭልፊት ራሱ አንድ ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን ወፍ ነው። ያደገ ግዙፍ ፍልፈል ክብደቱ ከእሱ ጋር የሚቀራረብ፣ ጥርሱም እንደ መሮ የሚቆርጥ ነው፤ ስለዚህ ይህን ታግሎ ማንሳት ለጭልፊቱ ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም። ከ100 ግራም እምብዛም የማይርቁት ሁለቱ አይጦች ግን ልኩ ናቸው። እነዚህ አይጦች ብዙ ጉድጓዶችን በጠባብ መንገዶች አገናኝተው በመካከላቸው ሽው ሽው እያሉ ይመላለሳሉ። ይህ ዘዴ ከመሬት ለሚመጣ ጠላት ጥሩ ነው፤ የትኛውም ጉድጓድ ቅርብ ነው። ከላይ ለሚያይ ግን ተደጋግሞ የተረገጠ መንገድ እንደ ተዘረጋ ገመድ ይታያል፤ ወፉ የሚፈልገው አይጡ በመንገዱ መሀል የሚሆንበትን ቅጽበት ብቻ ነው። ፍልፈሉ ጉድጓዱን ሳይለቅ ስለሚበላ ከሰማይ ለሚመጣ ጥቃት እምብዛም ጊዜ አይሰጥም፤ አይጡ ደግሞ በአንድ ጉድጓድ አፍ ብዙ ስለማይቆይ ለቀበሮው ረጅም ትዕግሥት የሚመች አይደለም። ቀበሮውም ይህን ያውቃል፤ አይጦች በበዙበት ቦታ በእግሩ እየዞረ፣ እየቆመና እያዳመጠ፣ ሲያገኝ በአጭር ሩጫ ይይዛል እንጂ ሰዓት አያጠፋም። ወርቃማው ንስር በባሌ ስላለ፣ እንዲሁም ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ከሰሜን የሚመጡ ንስሮች ስለሚጨመሩ፣ ለትልቁ ፍልፈልም ሰማዩ ጭራሽ ሰላም ነው ማለት ግን አይቻልም።

አንዱን አዳኝ ሸሽቶ በሌላው ላይ መውደቅን በጥንቃቄ የለኩት ተመራማሪዎች በእስራኤል በነገብ በረሃ የሠሩ ናቸው። በዚያ የሚኖሩት የበረሃ አይጦች በአንድ በኩል ጉጉት፣ በሌላ በኩል እፉኝት ይጠብቃቸዋል። ጉጉት ጠፍ መሬት ላይ የሚሮጠውን ታነሣለች፤ እፉኝቱ ደግሞ ቁጥቋጦ ሥር አሸዋ ውስጥ ገብቶ ይጠብቃል። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙበት መሣሪያ ቀላል ነው። የታወቀ መጠን ያለው ጥሬ ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ በትሪ ይቀመጣል፤ አንዱ ትሪ ሜዳ ላይ፣ አንዱ ከቁጥቋጦ ሥር። አይጡ ጥሬውን እየለቀመ ሲሄድ የቀረው እየተመናመነ፣ ፍለጋውም እየከበደ ይመጣል፤ ስጋቱ ከትርፉ ሲበልጥበት ትቶ ይሄዳል። ጠዋት የተረፈውን ጥሬ መቁጠር አይጡ በዚያ ቦታ ምን ያህል እንደፈራ መለካት ማለት ነው። በዚህ መንገድ ጉጉት ስትኖር አይጦቹ ወደ ቁጥቋጦው እንደሚያዘነብሉ፣ በተለይ ጨረቃ ስትደምቅ ከሜዳው እንደሚርቁ፣ እባብ ሲጨመር ደግሞ ቁጥቋጦውን እንደሚሸሹ ታየ። ጉጉትና እፉኝት ሳይነጋገሩ አንዱ ለሌላው ያባርራሉ። እኛ «ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለውን አይጡ በየሌሊቱ ይኖረዋል፤ የሚያደርገውም ምርጫ በዚያች ሌሊት የትኛው አደጋ እንደሚያመዝን ማስላት ነው።

ጉጉትን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። ፊቷ የልብ ቅርጽ ያለው ጉጉት ሁለቱ የጆሮ ቀዳዳዎቿ እኩል ከፍታ ላይ አይደሉም፤ ድምፅ ወደ አንዱ ትንሽ ቀድሞና ጎላ ብሎ ስለሚደርስ፣ በድቅድቅ ጨለማ እንኳ ቅጠል ያንኮሻኮሸች አይጥ የት እንዳለች ለይታ ትይዛለች። የክንፏ ላባ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ የተበጣጠሰ በመሆኑ ደግሞ ስትበርር አትሰማም። ስለዚህ ለጉጉት የሚያጋልጠው መታየት ሳይሆን መሰማት ነው፤ በደረቅ ገለባ ላይ የምትሄድ አይጥ በእርጥብ ሣር ላይ ከምትሄደው የበለጠ ትጋለጣለች። ጉጉት አይጥን ሳትቆራርጥ እንዳለ ውጣ ፀጉሩንና አጥንቱን አድበልብላ መልሳ ትተፋዋለች። ከአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር የለቀምኩትን አንድ ድቡልቡል ለብ ባለ ውሃ ነክሬ በወረንጦ ስፈታው፣ ግራጫ ፀጉር ተጠቅልሎባቸው ሦስት የራስ ቅሎች፣ ብርቱካናማ የፊት ጥርሶችና እንደ መርፌ የቀጠኑ የጎድን አጥንቶች ወጡ። የሁለቱ መንጋጋ ጥርስ ገና ያልተፋቀ ነበር፤ እናታቸውን ተለይተው የራሳቸውን ጉድጓድ ፍለጋ የወጡ ወጣቶች ነበሩ ማለት ነው። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ወጣት አይጥ በማያውቀው ቦታ፣ መሸሸጊያ የት እንዳለ ሳያውቅ፣ በነባሮቹ እየተባረረ ስለሚጓዝ በየትኛውም አዳኝ ፊት ከአዋቂው ይበልጥ የተጋለጠ ነው።

ጉድጓድ ራሱ ሁልጊዜ ምሽግ አለመሆኑንም ማስታወስ ያስፈልጋል። ንስርና ጉጉት ከደጅ የሚቀሩ ናቸው፤ ቀበሮም ካልቆፈረ በቀር አይደርስበትም፤ ሙጭልጭላና እባብ ግን ገላቸው ከጉድጓዱ ጋር ስለሚመጣጠን ገብተው ያገኙታል። ለእነዚህ የሚጋለጡት ደፋር ሆነው የወጡት ሳይሆኑ ከቤት የቀሩት፣ በተለይ የምታጠባ እናትና ዓይናቸው ያልተከፈተ ግልገሎች ናቸው። እፉኝት ደግሞ ወደ ውስጥ ሳይገባ በመንገዱ ዳር ተጠቅልሎ ለቀናት ሊጠብቅ ይችላል፤ በአፍሪካ በተደረገ ሙከራ በማሽተት ለይተው እንዲያገኙ የሠለጠኑ እንስሳት እንኳ የእፉኝትን ሽታ ለመለየት ተቸግረው ተገኝተዋል። በአፍንጫው ለሚተማመን አይጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ሽኮኮን በጥቂቱ ላንሳ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ አንድ ጠላቱን በሚገባ ያወቀ እንስሳ ነው። ጥቁሩ ንስር ኑሮውን በሽኮኮ ላይ የመሠረተ አዳኝ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ፀሐይን ከጀርባው አድርጎ ይመጣል። የሽኮኮ ዓይን በብሌኑ ላይ እንደ ባርኔጣ የሚከልል ሥጋ ስላለው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ ማየት ይችላል፤ ጠባቂውም ሲጮህ መንጋው ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል። የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከገደሉ ርቆ ለግጦሽ የወጣው ነው።

የጤና ሁኔታም ድርሻ አለው። በድመት አንጀት ውስጥ የሚራባው ቶክሶፕላዝማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋስ የያዘው አይጥ ከድመት ሽታ መሸሹን እንደሚተው በሙከራ ታይቷል፤ እዚህ ላይ ተጋላጭነቱን የፈጠረው በዓይን የማይታይ ሦስተኛ ወገን ነው። በቤታችንም ቢሆን አይጥ በደህና ጊዜ የወለሉን መሀል ትታ የግድግዳውን ጥግ ይዛ መሄዷ ከጥቃት ራሷን የምትጠብቅበት ልማድ ነው፤ ድመት ጥግ ላይ የምታደባው፣ ወጥመድም ጥግ ላይ ሲቀመጥ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ እመጣለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ሌላ እንስሳ በመካከል መግባቱ የአዳኝና የታዳኝን ነገር እንደሚለውጥ በመንዝ ጓሳ በቁጥር ታይቷል። በዚያ ቀይ ቀበሮዎች የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ውስጥ ገብተው፣ ጭላዳዎቹን ሳይነኩ፣ ቀስ ብለው እየተራመዱ አይጥ ያድናሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2015 የወጣው ጥናት እንደሚያሳየው፣ በጭላዳ መካከል ሆነው ከሞከሩት 67 በመቶው ሲሳካላቸው፣ ብቻቸውን ሲያድኑ ግን የተሳካላቸው 25 በመቶ ብቻ ነው። አይጡ የሚሰማው የብዙ እግር ኮቴ፣ የሚያየው የብዙ ገላ እንቅስቃሴ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የቀበሮውን ለይቶ ማውጣት አልቻለም። በባሌም ቀበሮዎች በከብት መንጋ ውስጥ እየተሹለከለኩ ሲያድኑ ታይተዋል።

ይህን ሰምተው «እንግዲያው ከብት ለቀበሮው ይጠቅማል» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። መንጋው የሚሰጠው ከለላ የአንድ ጠዋት ጥቅም ነው። ከብቱ የሚግጠው ሣር ግን ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አፍ ሆኖ የሚነጨው ያው ሣር ነው። ከላይ እንዳልኩት የፍልፈሉ ደህንነት የተመሠረተው ምግቡ አንገቱን ሰገግ በሚያደርግበት ርቀት ውስጥ በመኖሩ ላይ ነው፤ በከብት የተላጨ ሜዳ ላይ ይህ ርቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይረዝማል። ከመሬት በላይ የሚቆየው ጊዜም እንዲሁ። ለአይጦቹ ደግሞ መንገዳቸውን የሚሸፍን ሣር ስለማይኖር ከሰማይ ለሚያይ ይበልጥ ይገለጣሉ፤ ከእረኛ ጋር የሚመጡ ውሾችም በዚያ ላይ ይጨመራሉ። ለጥቂት ጊዜ ሁሉም አዳኝ ይጠግባል፤ አይጡና ፍልፈሉ እየሳሱ ሲሄዱ ግን ሌላ ምግብ የሌለው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ጭልፊቱ ወደ ቆላ ወርዶ ይበላል።

በሚቀጥለው ጉዞዎ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ ልጠይቅዎ። ትኩስ እርጥብ አፈር የተደፈነበት የፍልፈል ጉድጓድ ሲያገኙ፣ ከአፉ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው ሣር ያለውን ባዶ መሬት በስንዝር ይለኩት፤ ከብት በማይደርስበት ገደላማ ቦታና ከብት በሚውልበት ሜዳ ላይ እየለኩ ያወዳድሩት፣ ከዚያም ጥቂት ራቅ ብለው ተቀምጠው ፍልፈሉ ሲወጣ የኋላ እግሮቹ ከጉድጓዱ ውስጥ መሆናቸውን ወይም አለመሆናቸውን ይመልከቱ።